ምርጥ ተብሎ ስለ ተሰበሰበ ዘፈን

መምረጥ ቀላል መስሎ የሚታይ ከባድ ሥራ ነው። በአውድማ ላይ እህሉን ለነፋስ የሚሰጥ ገበሬ፥ ነፋሱ ሲበረታበት ከገለባው ጋራ ፍሬው ይሄድበታል፤ ነፋሱ ሲደክምበት ደግሞ ገለባው ከፍሬው ጋራ ይቀርበታል። የዘፈን መራጭም እንደዚሁ ነው። አንድ የሙዚቃ ጓድ ብዙ ዓመት የደከመበት ሥራ በፊቱ ተከምሮ ሳለ፥ ይህ ይግባ፥ ያ ይቅር፥ ይህ ይቅደም፥ ያ ይከተል ብሎ የሚወስን ሰው፥ ምንም እንኳ አንዲት ቃል ባይጽፍና አንዲት ድምፅ ባያሰማ፥ የዚያን ጓድ ታሪክ ጽፎአል ለማለት ይቻላል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰሚ ጓዱን የሚያውቀው እርሱ ባሳየው መልክ ነውና።

ስለዚህ «ምርጥ» የተባለ ስብስብ ወደ ቤታችን ሲገባ ሦስት ነገር ልንመረምር ይገባናል። አንደኛ፥ ምን ገባ? ሁለተኛ፥ የገባው በምን ተራ ተደረደረ? ሦስተኛ፥ ምን ቀረ? ብዙ ሰው የሚመረምረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የሚወደውን ዘፈን ካገኘ ደስ ይለዋል፤ ካጣ ይቈጣል፤ ፍርዱም በዚያው ያልቃል። እኔ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ለባለ ትዳርና ለልጅ አሳዳጊ ብዙ ትምህርት እንዳለባቸው ስላየሁ፥ በዓለም በታወቀ በአንድ ስብስብ ላይ ያለኝን ፍርድ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች አቀርባለሁ። ስብስቡም አባ የተባለው የስዊድን ጓድ ዘፈኖች ተመርጠው «አባ ጎልድ»፥ ማለት «የአባ ወርቅ» ተብሎ በ1992 የወጣው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አባ የሚለውን ስም በድንገት የሚሰማ የአገራችን ሰው፥ ከገዳም የመጣ አባት የተጠራ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ስሙ የአራቱ ዘፋኞች የስማቸው መነሻ ፊደል ተጋጥሞ የተሠራ ነው፤ እነርሱም አግኔታ ፌልትስኮግ፥ ቢዮርን ኡልቬዩስ፥ ቤኒ አንደርሶንና አኒ ፍሪድ ሊንግስታድ ናቸው። አኒ ፍሪድን ሰው ሁሉ ፍሪዳ እያለ ይጠራታል። በስዊድን አገር በዚሁ ስም የሚሠራ የዓሣ ማሸጊያ ኩባንያ አስቀድሞ ስለ ነበረ፥ ዘፋኞቹ ስሙን ለመያዝ የኩባንያውን ፈቃድ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባው ታሪካቸው ግን ከስማቸው ይበልጣል። አራቱ ዘፋኞች ሁለት ባልና ሚስት ነበሩ። ቢዮርንና አግኔታ በ1971 ተጋቡ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ቤኒና ፍሪዳ ብዙ ዓመት በአንድነት ከኖሩ በኋላ በ1978 ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ዜማውን ቤኒና ቢዮርን ያወጣሉ፤ ግጥሙን በመጀመሪያው ዘመን የሥራ አስኪያጃቸው ስቲግ አንደርሶን ይረዳቸው ነበር፤ በኋላ ግን ዋናው የግጥም ደራሲ ቢዮርን ሆነ። አብዛኛውን የሚዘፍኑት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ባል የጻፈውን ቃል ሚስት በዓለም ፊት የምትናገርበት ቤት ነበረ ማለት ነው።

በአፕሪል 1974 በእንግሊዝ አገር በብራይተን ከተማ በተደረገው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር «ዋተርሉ» በተባለው ዘፈን አሸነፉ፤ ለስዊድንም በዚህ ውድድር የመጀመሪያ ድል ሆነላት። ጁን 18 ቀን 1976፥ ንጉሥ ካርል ዐሥራ ስድስተኛ ጉስታፍ ከሲልቪያ ጋራ ጋብቻቸውን ሊፈጽሙ በዋዜማው፥ በስቶክሆልም በንጉሣዊው የኦፔራ ቤት በተደረገው በዓል ላይ በጥንት ዘመን ልብስ ተሸልመው «ዳንሲንግ ኩዊን»፥ ማለት «የጭፈራዋ ንግሥት» የሚባለውን ዘፈን አሰሙ። ሁለት ጥንዶች ለንጉሣቸው ሠርግ ሲዘፍኑ የሚያይ ሰው፥ ከዚህ የተሟላ ደስታ የለም ሳይል አይቀርም ነበር።

ዳሩ ግን በ1979 መጀመሪያ ቢዮርንና አግኔታ መለያየታቸውን አስታወቁ፤ ፍቺውም በ1980 ተፈጸመ። ቤኒና ፍሪዳም በ1981 ተለያዩ። ጓዱ ግን ወዲያው አልፈረሰም፤ የተፋቱት ሰዎች በአንድ የድምፅ ማንሻ ክፍል ውስጥ እስከ 1982 ድረስ አብረው ሠሩ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ለረጅም ዘመን ተቋረጠ።

ስብስቡ የወጣው ሥራቸው ከተቋረጠ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች ስብስቦች ወጥተው ነበር፤ የመጀመሪያው በ1975፥ ሁለተኛው በ1979፥ ሌላው በ1982። ነገር ግን የሸክላ ማሳተሚያቸው ድርጅት ወደ ትልቁ ፖሊግራም ኩባንያ እጅ ከተዛወረ በኋላ፥ የአዲሱ ዘመን መሣሪያ ለሆነው ለሲዲ የሚስማማ አንድ ስብስብ ተዘጋጀ። በሴፕቴምበር 1992 ዐሥራ ዘጠኝ ዘፈኖችን ይዞ ወጣ። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ የጓዱ ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል፤ የአራቱ ሰዎች ፊት በፊተኛው ገጽ ላይ አይታይም። በዓለም ሁሉ ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠ ይነገራል። በእንግሊዝ አገርም በ1981 ከወጣው ከኩዊን ጓድ ስብስብ ቀጥሎ በሽያጭ ሁለተኛ ሆኖአል፤ በ2021 ደግሞ በዚያው አገር በሳምንታዊው የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ሺህ ሳምንት የቈየ የመጀመሪያው አልበም ሆነ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ምን ገባ? በዚህ ረገድ መራጩን ከማመስገን በቀር የሚነቀፍበት ጥቂት ነው። ዐሥራ ዘጠኙ ሁሉ እያንዳንዳቸው በቅንነት የተሠሩ ናቸው። «ኤስ ኦ ኤስ» በኀዘን በሚያለቅስ ፒያኖ ተጀምሮ ወደ ብርቱ ጩኸት ይወጣል። «ፈርናንዶ» ሁለት ያረጁ ወታደሮች የወጣትነት ዘመቻቸውን የሚያስታውሱበት ነው። «መኒ፥ መኒ፥ መኒ» የደከመች ሠራተኛ ሴት ስለ ገንዘብ የምትመኘው ምኞት ነው። «አይ ሃቭ ኤ ድሪም» የሕፃናት መዘምራን ድምፅ አለበት። «ዳዝ ዩር ማዘር ኖው» የሚለውን ቢዮርን ራሱ ይዘፍነዋል፤ ይኸውም አንድ ጎልማሳ ሰው ዕድሜዋ ላልደረሰ ልጃገረድ እናትዋን እያስታወሰ ወደ ቤትዋ የሚመልስበት ነውና በቤተ ሰብ ፊት ሊሰማ የሚያሳፍር አይደለም።

የእጅ ሥራው ጥበብም መታወቅ ይገባዋል። ማይክል ትሬቶቭ የተባለው የድምፅ ባለሙያቸው የሁለቱን ሴቶች ድምፅ አንድ ጊዜ ካነሣ በኋላ፥ የቴፑን ፍጥነት በጥቂቱ ለውጦ በላዩ ላይ ደግሞ ያነሣዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሴቶች ሲዘፍኑ ብዙ ሕዝብ የሚዘፍን ይመስላል። የአግኔታ ድምፅ ከፍ ያለና የጠራ፥ የፍሪዳ ድምፅ ጠለቅ ያለና የሞቀ ነው፤ ሁለቱ በተጋጠሙ ጊዜ ደስታውና ኀዘኑ ተለይተው አይታወቁም። ዘፈናቸው በደስታ ቀን ሲሰማ ደስ የሚያሰኘው፥ በኀዘን ቀን ሲሰማ ደግሞ የሚያጽናናው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ነቀፌታዬ ሁለት ነው። «ዘ ኔም ኦቭ ዘ ጌም» የተባለውና አምስት ደቂቃ የሚጠጋው ዘፈን በ1992ቱ እትም ላይ ወደ አራት ደቂቃ ተቈርጦ ገብቶ ነበር፤ በኋላ እትሞች ላይ ሙሉው ተመልሶአል። ምርጥ ብሎ መርጦ ምርጡን መቍረጥ ምን ይባላል? ሁለተኛም «ቩሌ ቩ» እና «ጊሚ፥ ጊሚ፥ ጊሚ» ሁለቱም የሌሊት ጭፈራ ዘፈኖች፥ ሁለቱም የ1979 ሥራዎች፥ በስሜትም እኅትማማቾች ሳሉ እዚያው ለእዚያው ተከታትለው መግባታቸው፥ ከውጭ ለቀረው ለሌላ ዘፈን የሚገባውን ስፍራ እንደ ያዙበት እቈጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ተራው ነው። ስብስቡ በ1976ቱ «ዳንሲንግ ኩዊን» ይጀምራል፤ በ1974ቱ «ዋተርሉ» ይፈጸማል። ማለት ጓዱን ለዓለም ያስተዋወቀው ዘፈን መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ በመካከሉም ዓመቶቹ እንደ ተደባለቀ ካርታ ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። ነጋዴ ምርጥ ዕቃውን በሱቁ ደጃፍ እንደሚሰቅል፥ መራጩም እጅግ የተወደደውን በፊት አስቀመጠ። ይህ ለሽያጭ መልካም ነው። ለእውነትስ? ይህን ጥያቄ በሚገባ ያነሣሳችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት።

እኔና ታናሽ ወንድሜ በስቶክሆልም ከተማ ከተቀመጥን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ወንድሜ እዚያው አግብቶ ሴት ልጅ ወለደ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ከባለቤቱ ጋራ ተፋቱ። ሽማግሌም ገብቶ ነበር፤ አልሆነም። ዕቃቸውን ያለ ጠብ ተካፈሉ፤ ረከቦቱና ምንጣፉ ወደ እናትዮዋ፥ የመጻሕፍቱ መደርደሪያና ጠረጴዛው ወደ አባትዮው ሄደ። ልጂቱም በዚያ አገር ብዙ የተፋቱ ወላጆች እንደሚያደርጉት አንድ ሳምንት ከእናትዋ ጋራ፥ አንድ ሳምንት ከአባትዋ ጋራ ትኖራለች። «አባ ጎልድ» የተባለውን ሲዲ እናትዮዋ ወስዳው ነበር፤ ወንድሜ ግን ልጁ እንዳይቀርባት ብሎ ሌላ ገዛ። ስለዚህ ያ ጥቁር ሽፋን ያለው ስብስብ ልጂቱ በሁለቱም ቤት ሳይለወጥ የምታገኘው ነገር ሆነ።

ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ጊዜ አንድ ቀን የወላጆቿን የሠርግ ፎቶግራፍ ከመኝታ ቤትዋ ግድግዳ አውርዳ ለአባትዋ ሰጠችው። ለምን ቢላት «ሐሰት ነው፤ ቢዋደዱ ኖሮ አይለያዩም ነበር» አለችው። ወንድሜ ፎቶግራፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘንድ መጣና «ወንድም ጋሼ፥ እኔ የምመልስላት ቃል አጣሁ፤ እስኪ እርስዎ ያነጋግሯት» አለኝ። ፊቱን ባየሁ ጊዜ ከፍቺው ቀን ይልቅ በዚያ ቀን የተጐዳ መሰለኝ።

ለልጅ በቀጥታ የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣል። ስለዚህ ስለ ፎቶግራፉ ምንም ሳላነሣ ቈየሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤቴ ሳለች ያንኑ ስብስብ ከፈተች። የመጀመሪያው ዘፈን ሲሰማ «አጎቴ፥ ይህን ሲዘፍኑ ተለያይተው ነበር ወይስ ገና ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጓዱን ታሪክ በትምህርት ቤት ሰምታ ኖሮአል። እኔም «ይህ ሲዲ አይነግርሽም፤ ዓመቶቹን አደባልቆአልና። ወረቀት አምጪና እኛ እንደርድረው» አልኋት።

ዐሥራ ዘጠኙን ዘፈኖች እያንዳንዳቸው መጀመሪያ በወጡበት ዓመት ጻፍናቸው። ከ1974 አንድ፤ ከ1975 ሁለት፤ ከ1976 አራት፤ ከ1977 ሦስት፤ ከ1979 አምስት፤ ከ1980 ሦስት፤ ከ1981 አንድ። ከ1978 ምንም የለም፤ ቤኒና ፍሪዳ የተጋቡበት ዓመት በስብስቡ ውስጥ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ልጂቱ አስቀድማ «የደስታው ዘፈን ሁሉ በፊት፥ የኀዘኑ ሁሉ በኋላ ይሆናል» ብላ ነበር። ወረቀቱ ግን እንደዚያ አላለም።

ባልና ሚስት ባዶ በሆነ ቤት ውስጥ የሚሰነባበቱበት «ኖዊንግ ሚ፥ ኖዊንግ ዩ» የተባለው ዘፈን የወጣው በ1976 ነው፤ «ዳንሲንግ ኩዊን» ባለበት በዚያው «አራይቫል» በተባለው አልበም ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ጥንዶች በአንድነት ይኖሩ ነበር። በአንጻሩ ያዘነችን ወዳጅ የሚያጽናናው «ቺኪቲታ» ወደ ዓለም የወጣው ቢዮርንና አግኔታ መለያየታቸውን ባስታወቁበት በ1979 መጀመሪያ ነው፤ ከዚህም ዘፈን ገቢ ድርሻውን ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሰጥተዋል። ደስ የሚያሰኘው «ሱፐር ትሩፐር» የወጣው ፍቺው በተፈጸመበት በ1980 ነው። ቈጥረን ባየነውም ጊዜ ከዐሥራ ዘጠኙ ዘጠኙ የመጀመሪያው መለያየት ከታወቀ በኋላ የተሰሙ ናቸው።

ልጂቱ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። «ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም ነው» አልኋት። «የስንብቱን ዘፈን አብረው ሳሉ ዘፈኑት፤ የደስታውን ተለያይተው ሳሉ ዘፈኑት። አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። በአባትሽና በእናትሽ ሠርግ ቀን እኔ ነበርሁ። አባትሽ ሲስቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እናትሽም በደስታ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ያ ቀን እንደ ሆነ ሆኖአል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሊሽረው አይችልም።»

«ታዲያ ለምን ተለያዩ?» አለች።

«ይህን የሚመልሱልሽ እነርሱ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። በዚህ ሲዲም ውስጥ አታገኚውም» አልኋት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በአንድ ቀን ተፈወሰ ብዬ አንባቢን ላታልል አልፈልግም። ፎቶግራፉን ከእኔ ተቀብላ ወሰደች፤ ነገር ግን ወደ ግድግዳው አልመለሰችውም፤ በመሳቢያዋ ውስጥ አኖረችው። ለእናትዋና ለአባትዋም ያንኑ ጥያቄ በየተራ አቀረበችላቸው፤ ምን እንደ መለሱላት አልጠየቅሁም። ወንድሜ ግን «ቢያንስ ፎቶግራፉ ከቤት አልወጣም» ብሎኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ተራው ያለኝን ፍርድ ልናገር። በ1982 የወጣው የቀድሞው ስብስብ «ዘ ሲንግልስ፥ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመቶች» የተባለው ሃያ ሦስት ዘፈኖች በዓመታቸው ተራ የተደረደሩበት ነው፤ በ1973ቱ «ሪንግ ሪንግ» ይጀምራል፤ በ1982ቱ «አንደር አታክ» ይፈጸማል። ያ እንደ ዜና መዋዕል ነው፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያሳውቃል። «አባ ጎልድ» ግን እንደ ግብዣ ነው፤ ሁሉ ወጥ በአንድ ገበታ ላይ በአንድነት ይቀርባል። ዜና መዋዕሉ የሆነውን በየዘመኑ በማስረዳት ይበልጣል። ይሁን እንጂ ግብዣው የሰው ልብ እንዴት እንደሚያስታውስ ይመስላል። ሰው ያለፈውን ሲያስብ ዓመት እየቈጠረ አያስብም፤ የሠርጉ ቀንና የስንብቱ ቀን በአንድ ሰዓት ይመጡበታል። በስብስቡ ውስጥ «ዳንሲንግ ኩዊን» እና «ኖዊንግ ሚ፥ ኖዊንግ ዩ» አንደኛና ሁለተኛ ሆነው መከታተላቸው፥ ምንም እንኳ ለሽያጭ ታስቦ የተደረገ ቢመስለኝ፥ በዚህ ረገድ መልካም ሆኖ አገኘሁት። ነውሩ ግን ዓመቱን ሳያውቅ የሚሰማ ሰው ጓዱ ምንጊዜም የማያረጅና የማያዝን መስሎ ሊታየው መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ምን ቀረ? አባቶቻችን «ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል» ይላሉና የቀረውን ሁሉ መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን የቀሩት ሦስት ዘፈኖች ያሳዝኑኛል።

አንደኛው በ1981 «ዘ ቪዚተርስ» በተባለው አልበም የወጣው «ዌን ኦል ኢዝ ሴድ ኤንድ ደን» ነው። ይህን ፍሪዳ ትዘፍነዋለች፤ ከቤኒ ጋራ ስለ ተለያዩበት ጊዜ የተጻፈ ነው። በስብስቡ ውስጥ የገባው በ1980 የወጣው «ዘ ዊነር ቴክስ ኢት ኦል»፥ ማለት «ያሸነፈ ሁሉን ይወስዳል» የሚለው የአግኔታ ዘፈን፥ የፍቺ ሰቈቃ ነው። ቃሉን ቢዮርን ጻፈው፤ የተለያት ሚስቱ ዘፈነችው። ቢዮርን በኋላ እንደ ተናገረው፥ ስሜቱ ከመለያየታቸው የተወለደ ቢሆንም ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ በእነርሱ ፍቺ አሸናፊም ተሸናፊም አልነበረም። የፍሪዳ ዘፈን ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለት የበሰሉ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሳይከስስ የሚለያዩበት ነው። ሰቈቃው ገብቶ እርቀ ልቡናው መቅረቱ ፍርዱን አንድ ወገን ብቻ አድርጎታል።

ሁለተኛው የ1982ቱ «ዘ ዴይ ቢፎር ዩ ኬም» ነው። ስድስት ደቂቃ ይጠጋል። አንዲት ሴት ሕይወቷን የለወጠው ሰው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አንድ ተራ ቀን፥ ባቡሩን፥ መሥሪያ ቤቱን፥ ምሳውን፥ የመኝታ ሰዓቱን እየዘረዘረች ትናገራለች። በእንግሊዝ አገር ከሠላሳ ሁለተኛ ደረጃ በላይ አልወጣም፤ በሽያጭ ነፋስ ለሚያበጥር መራጭ ገለባ ሆኖ ታየው። ለእኔ ግን ፍሬ ነው። እነዚህ ሁለት ዘፈኖች በ1993 «ሞር አባ ጎልድ» በተባለው ተከታይ ስብስብ ገብተዋል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛውን ስብስብ የሚገዛው ሰው ከመጀመሪያው ጋራ ሲመዘን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው በሁለቱም ውስጥ የለም። ይኸውም በዚያው በ1981ዱ አልበም ያለው «ስሊፒንግ ስሩ ማይ ፊንገርስ» ነው። ትርጓሜው «ከጣቶቼ መካከል የሚያመልጥ» እንደ ማለት ነው። ቢዮርን ልጃቸው በጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አይቶ የጻፈውን እናትዮዋ አግኔታ ትዘፍነዋለች። ፍቺው ከተፈጸመ በኋላ አባት ስለ ልጁ ጻፈ፤ እናት ስለ ልጅዋ ዘፈነች። ባልና ሚስትነታቸው ቢቀር አባትና እናትነታቸው እንዳልቀረ የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ይህ ዘፈን በመላው ዓለም ነጠላ ሸክላ ሆኖ ስላልተስፋፋና ሰንጠረዥ ስላልወጣ ከወርቁ ጋራ አልተቈጠረም። የቤት ነገር ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፤ በአደባባይ ሚዛን አይወጣም።

ከዚህም ጋራ ከስብስቡ በኋላ የሆነውን መጨመር ይገባል። አራቱ በ2021 ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ አዲስ አልበም አወጡ፤ ስሙም «ቮያጅ» ነው፤ ዐሥር ዘፈኖች አሉት። በ2024ም ንጉሥ ካርል ዐሥራ ስድስተኛ ጉስታፍ ለአራቱም የቫሳ ኒሻን ሸለሟቸው። በ1976 በንጉሡ የሠርግ ዋዜማ ሁለት ጥንዶች ሆነው የቆሙት ሰዎች፥ በአርባ ስምንት ዓመታቸው አራት ሽማግሎችና አሮጊቶች ሆነው በንጉሡ ፊት ቆሙ። እንደ ባልና ሚስት አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ጠላትም አይደለም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «አባ ጎልድ» በገቡት ዘፈኖች ጥራት እጅግ የሚመሰገን፥ በተራው የጓዱን ታሪክ የሚሰውር ነገር ግን ከሰው ትዝታ ጋራ የሚስማማ፥ በቀሩት ደግሞ ለገበያ ያደላ ስብስብ ነው። ከቤት ሊታጣ አይገባውም። ነገር ግን ብቻውን አይቀመጥ። የሚገዛው ሰው «ዘ ቪዚተርስ» የተባለውን አልበም ከጎኑ ያኑርበት፤ ግብዣው የተወውን ያ ይሞላለታልና።

ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋራ እንዲህ ያለ ስብስብ ሲሰሙ፥ ይህ በየትኛው ዓመት ተዘፈነ፥ በዚያን ጊዜ እነርሱ በምን ሁኔታ ነበሩ ብለው ቢጨዋወቱ ትርፍ ያገኙበታል። ይልቁንም ትዳሩ የፈረሰበት ቤት ልጅ፥ የመጨረሻው ቀን የመጀመሪያውን ቀን ሐሰት እንዳደረገው በልቡ ይዞ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ በተግሣጽ መስበር አይቻልም። አንድ ወረቀትና ዐሥራ ዘጠኝ ዘፈኖች ግን ለንግግር መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀውን መመለስ የእናትና የአባት ፈንታ ነው።